የታችኛው ብረት

ልጃችን ሶስና ሞታለች።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ብረት ላውራችሁ፤ የማውቀው እሱን ነው። ቀልጦ የሚወርድ የብረት ጠብታ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ የሚጣበቅ ይመስላችኋል አይደል? አይጣበቅም። የታችኛው ብረት ቀዝቃዛ ወይም ዝገት የለበሰ ከሆነ ጠብታው ሳይዘረጋ እዚያው ድቡልቡል ብሎ ይደርቃል። ከላይ ሲያዩት የተያያዘ ነው። በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ተፈንቅሎ ይወድቃል። እንዲይዝ ከተፈለገ የታችኛውም ብረት ፊቱ ትንሽ መቅለጥ አለበት፤ ሁለቱ ተቀላቅለው አብረው ሲረጉ ነው አንድ የሚሆኑት። ከዚያ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ እየደረቡ የጎደለውን መሙላት ይቻላል። እንዲህ በማሽን እየደራረቡ ሙሉ ዕቃ የሚያወጡ አገሮች አሉ ይባላል። እኛ ቦሌ ሚካኤል የምንሠራው በር ነው።

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ አለን። ክፋት የለውም፤ ሰው ባዶ እጁን ላለመምጣት የሚይዘው ነገር ነው። ባለቤቴ ሰላም ግን የምትፈልገው ሌላ ነበር፤ ስለ ልጅቷ ማውራት። እሷ ስትጀምር እኔ ስልኬን አነሳለሁ፣ ወይም ከሱቅ የምገዛው አንድ ዕቃ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ፣ ሳትቆጣ፣ እናቷ ዘንድ ሄዳ ብትቀመጥ እንደሚሻላት ነገረችኝ። እዚያ ቢያንስ የሚያወራት ሰው አለ።

በማግስቱ አንድ የሰሚት ሰፈር ሰው ዘንጉን ዝገት የበላው የልጅ ሳይክል ይዞ መጣ። ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ በያጆች በእኔ ጉዳይ ተማክረዋል፤ የሕፃን አልጋ፣ ጋሪ፣ ሳይክል ዓይኔ እንዳያይ። ሲመጣ ወደ ጎረቤት ይሸኛል። ያልገባኝ ይመስላቸዋል። አብሮኝ የሚሠራው ሰይድ ሰውየውን ደጃፍ ላይ ያዘውና ማሽናችን ትንሽ ዕቃ እንደማይወድ ያስረዳው ጀመር። ሰውየው ማሽኑን አየ። ሰይድን አየ።

"አምጣው" አልኩ።

"አንተ ሰው፣ ተው" አለ ሰይድ።

ቀዩን ቀለም ፋቅኩ፤ ዝገቱን ጠረግኩ፤ ብረቱን አሞቅኩ። ክፍተቱ ሰፊ ስለነበር ጠብታ በጠብታ ደራረብኩት። የብየዳ መነጽር ደግ ዕቃ ነው፤ ከኋላው ያለው ሰው ምን እንደሆነ ማንም አያይም።

እኛ ጋ የበየደ ሰው ሥራውን በራሱ ክብደት ይፈትናል፤ በር ከሆነ ይንጠለጠልበታል። እኔም ሳይክሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጆሮዬ ደረሰ።

"ሹፌር፣ አትላስ ጋ ወራጅ አለ" አለ ሰይድ።

ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሰይድ ሰውየውን ሻይ ልጋብዝህ ብሎ ይዞት ወጣ። ዘንጉ ግን አልተነቃነቀም።

አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ ሰላም ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች ነበር። የልጅ ሳይክል እንደበየድኩ ነገርኳት። እጇ ቆመ።

"ምን ዓይነት ቀለም?"

"ቀይ።"

"ብታየው ቢጫ ነው ትል ነበር" አለችና እንደለመድኩት እስክወጣ ጠበቀች።

አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ሶስና ሰማዩንም ቢጫ ነበር የምትለው" አልኳት።