የብሪታ ንግሥትና የጋሽ ታደሰ ሰባት ቤት

«የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስቶክሆልም ውስጥ ካጣሁ ቆየሁ። እዚህ የሚጠየቀው ፐርሶንኑመር የሚሉት የመታወቂያ ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ከነገርካቸው አባትህ ማን ይሁን ማን ጉዳያቸው አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩን ወድጄው ነበር። አያቴ ማን እንደነበሩ ሳልናገር ጥርስ አስነቅያለሁ፣ ቤትም ተከራይቻለሁ፤ እርግጥ የቤቱ ወረፋ እኔን ራሴን አያት ሊያደርገኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ግን ፈረንጅ ዘር አይቆጥርም ያለን ማነው? ይቆጥራል እንጂ! ጡረታ እስኪወጣ ነው የሚጠብቀው።

ይህን የተማርኩት እዚሁ ዩልስታ፣ ጎረቤቴ ጽጌ ቤት ነው። ጽጌ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ሄርሜላን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ሄርሜላ ደግሞ ላርስ የሚባል የስዊድን ልጅ ወደደች። ጽጌ በልጁ ደስ ብሏታል፤ ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ታደሰ ግን ከሚኖሩበት ሰፈር ከሄሰልቢ ደውለው «ሽማግሌ ሳይላክ፣ ዘር ሳይጠየቅ፣ እኔ ሰርጉ ላይ አልቆምም» አሉ። ጽጌ ያለ ወንድሟ ልጇን አትድርም፤ ለሄርሜላ አባት የሆኑላት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ልጅቷ ወይ አጎቷን ታሳምናለች፣ ወይ ሰርጉን ትረሳለች።

ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ላርስ አባትም አጎትም የለውም፤ ያለችው እናቱ ብሪታ ብቻ ናት። እሷው ሽማግሌ ሆና መጣች፤ የቀረፋ ዳቦ ጋግራ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ ተቀመጥ እስኪባል ይቆማል። ብሪታ ግን ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች፣ ያውም በጋሽ ታደሰ ቦታ። እኔ የሙሽሪት ወገን ሰው እንዳያንስ ተብዬ ተጠርቼ ስለነበር፣ ሳቄን በዳቦ አፈንኩት።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እስቲ ጠይቂልኝ» አሏት ሄርሜላን፤ «የማን ዘር ናቸው?»

ምን ልበላችሁ፣ የብሪታ ፊት በራ! ይህን ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ነው የኖረችው፤ የገዛ ልጇ እንኳ ወሬውን ስትጀምረው ተነሥቶ ይወጣል። ከአባቷ ጀምራ ወደ ኋላ ተንደረደረች፤ መካከለኛው ዘመን ደረሰችና አንዲት ንግሥት ላይ ቆመች። ሴትየዋ ራሷ የገዛች አይደለችም፣ የንጉሥ ሚስት ናት። የጎረቤት አገር ንጉሥ የነበረው አባቷ፣ ለእርቅ ሲል ገና በልጅነቷ መርከብ ላይ ጭኖ ቋንቋውን ለማታውቀው ሰው ላካት። ባሏ ከወንድሞቹ ጋር ሲዋጋ ዕድሜውን ጨረሰ። ከልጆቿ አንዷ ገዳም ገባች፣ አንዱ አጎቱን አሰረ፣ የመጨረሻዋን ደግሞ እንደ እናቷ በመርከብ ላኳት።

አስተርጓሚዋ ሄርሜላ ናት። እናቷ በአማርኛ ስትጠራት በስዊድንኛ የምትመልስ፣ አማርኛ አትችልም እየተባለች ያደገች ልጅ «ንግሥቲቱም እጅግ ጸሎተኛ ነበሩ» እያለች ስታንቆረቁረው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ሲያስፈልጋት ትችላለች!

ጽጌ ዓይኗን ጠረገች። «ምስኪን! ብርዱንስ እንዴት ቻለችው?» አለች።

ጋሽ ታደሰም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። የእሳቸውም ዘር ከጎንደር ንግሥት ይመዘዛል፤ ቢያንስ እሳቸው እንደሚሉት። ነገሩ ሁሉ አምሮ ሳለ ብሪታ አንድ ነገር ተናገረች። ሄርሜላ ደንገጥ ብላ «ንጉሡና ንግሥቲቱ የተጋቡት በቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ነው» ብላ አሳጠረችው።

«ኩሲን ያለችውን የት አደረግሽው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጋሽ ታደሰ እኮ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩት እዚሁ ነው፤ ስዊድንኛ ለእሳቸው ውኃ ነው። ያስተረጎሙት ለክብራቸው ነው። ኩሲን ደግሞ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ መሆኑን እንኳን እሳቸው እኔም አውቃለሁ።

«የአጎቷን ልጅ! ሰባት ቤት የማይቆጥር ዘር!» ብለው ብድግ አሉ። ብሪታ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት፣ የሮማው ጳጳስ ፈቅደው ነበር እኮ እያለች ትማጸናለች። እኔ «ሙሽሮቹ እኮ ዘመዳሞች አይደሉም» ልል አፌን ስከፍት በዓይናቸው ዘጉኝ። ሄርሜላ መተርጎሟን ትታ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ጽጌ ተነሣች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ!» አለች። ወንድሟን እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «የእኛስ ቅድመ አያቶች የተጋቡት ለአራት ቤት ዘመድ ሆነው አይደለም እንዴ? አባባ ጠጅ ሲቀምሱ እየሳቁ ይነግሩን የነበረውን ረሱት? ያቺን ምስኪን አባቷ ሳይጠይቃት ነው የላካት። እኔንም ፎቶ አሳይተው የዳሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አንድ ቀን አማርሬ አላውቅም። ልጄ ግን ራሷ መርጣለች። ይድሯት!»

ብሪታ ሄርሜላን ምን ተባለ ብላ ጠየቀቻት፤ ሰማችና በሹክሹክታ አንድ ነገር አለቻት። ሄርሜላ በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመች፦ «የእናንተስ ቅድመ አያቶች ጳጳሱን አስፈቅደው ነበር ወይ ትላለች።»

ጋሽ ታደሰ ተቀመጡ። ቀስ ብለው አንድ የቀረፋ ዳቦ አነሡ፣ ቆረሱ፣ ጎረሱ። እኛም ከዚህ የበለጠ እሺታ አልጠበቅንም። ደንቡን አክብሮ ውጭ መኪና ውስጥ የቀረው ላርስ ተጠርቶ ሲመጣ፣ ያገኘውን ሁሉ መሳም የጀመረው ከደረጃው ነው።

አሁን ብሪታና ጋሽ ታደሰ አይለያዩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄሰልቢ ተቀምጠው ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍተው ሙታን ይቀሰቅሳሉ። ባለፈው ጎራ ብል፣ ብሪታ የንግሥቲቱ አክስት ኢየሩሳሌም ልትሳለም ሄዳ እዚያው አግብታ እንደቀረች አግኝታለች። ጋሽ ታደሰ ደግሞ የእሳቸው ንግሥት ቅድመ አያት ሚስታቸውን ያመጡት ከኢየሩሳሌም ነው ይላሉ። ሁለቱም ፊታቸው ቀልቷል።

«ታዲያ ዘመዳሞች ናችኋ!» አልኳቸው።

ብሪታ ኮምፒውተሯን ጠረቀመችው። ጋሽ ታደሰ ማንም አለመስማቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ጆሮዬ ሥር ተጠጉ።

«ቀስ በል እንጂ!» አሉኝ፤ «ሰርጉ ሳያልፍ ዘመዳሞች አይደለንም።»