እናቴና አየር የሚለካው ልጇ

ሰው ባዕድ አገር ሄዶ ቋንቋ ይለምዳል፣ ብርድ ይለምዳል፣ ጥሬ ዓሣ ሳይቀር ይለምዳል። ሥራውን ለእናቱ ማስረዳት ግን በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው? ሐኪም የወለደች እናት ታድላለች። አስተማሪ የወለደችም አንገቷን አትደፋም። የእኔዋ በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ በስንት ደጅ ጥናት አግኝታ፣ ሮተርዳም ድረስ ልትጠይቀኝ ብትመጣ፣ ያገኘችው አየር የሚለካ ልጅ ነው።

በሜትር ነው በኪሎ? አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ባሰባት። ጭንቋ ሌላ አልነበረም፤ አገሯ ስትገባ ጎረቤት ሲጠይቃት ምን ትበል? «ልጄ ሆላንድ ሄዶ አየር ይለካል» ማለት፣ በደህና አማርኛ፣ ቦዘነ ማለት አይደለም? ሥራ ፈት ሆኜ የምደብቃት ስለመሰላት፣ ያመጣችልኝን በሶ ለክፉ ቀን ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

የደመራ ዕለት ሥራ ቦታህ አብሬህ ካልሄድኩ አለች። የመለኪያ ጣቢያችን ሻርሎይስ በሚባል የሮተርዳም ሰፈር ውስጥ መናፈሻ ዳር የቆመች ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት። በጣሪያዋ የወጣው ቱቦ ከወደቡ ፋብሪካዎች የሚነፍሰውን አየር ይስባል፤ ውስጥ ደግሞ አንዲት ብዕር የጭሱን መጠን ወረቀት ላይ ታሰምራለች፤ ልኩም በስልክ ሽቦ አለቃዬ ቢሮ ድረስ ይደርሳል። እናቴ ዙሪያውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ወንበር እንኳ የሌለው መሥሪያ ቤት! እኔ ወረቀት ልቀይር ስገባ፣ እሷ ከነጠላዋ ሥር ችቦ አወጣች። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ከመናፈሻው ጭራሮ ስትለቅም የከረመችው ለዚህ ኖሯል። ለኮሰችና፣ የልጄን ሥራ ባርክልኝ እያለች፣ ቤቲቱን ሦስት ጊዜ ዞረቻት።

የጭስ መለኪያን በጭስ የባረከ ከእሷ በቀር ማን አለ? ብዕሪቱ ዘለለች፤ ከወረቀቱ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አለቃዬ ነው፤ ምን ዓይነት መዓት ወረደ ብሎ ከቢሮው በብስክሌት ሲበር መጣ። አለቀልኝ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ ከሃዲው ደግሞ የእምዬን ወደ ፋብሪካዎቹ ላላክክ አፌን ከፈትኩ። እናቴ ግን ቀደመችኝ። የጨሰውን ችቦ እንደያዘች ፊቱ ቆማ፣ ያጨስኩት እኔ ነኝ፣ ልጄን እንዳትቆጣብኝ በለው አለች። ምን ላድርግ? እንዳለችው ተረጎምኩ።

ያ ረጅም ሆላንዳዊ ችቦውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ «ሜቭራው»፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፣ ብሎ ጎንበስ አለና ወደ ውስጥ አስገባት፤ ብዕሪቱ የሠራችውን ተራራ የሚያህል መስመርም አሳያት። መዝገቡ ላይ፣ የጭሱ ምንጭ የቴክኒሻኑ እናት፣ ብሎ ጻፈ። አንብብልኝ አለች፤ አነበብኩላት። ጣቷን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደችና እንባዋ መጣ። የእኔ የአሮጊቷ ችቦ እንኳ ያላመለጠው ሥራ፣ ለካስ ትልቅ ሥራ ነው አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ? ያን ቀን እንደወደድኳት እናቴን ወድጃት አላውቅም። በሶውም በዚያው ዕለት ከቁም ሳጥን ወጣ።

አገሯ ከገባች በኋላ ደብዳቤ አስጽፋ ላከችልኝ። ሥራዬን ለመንደሩ ሁሉ አስረድታለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እሳት ከማያያዙ በፊት እሷን ያስፈቅዳል። እሷ ግን እስካሁን ማንንም አልከለከለችም። ጭስ ከጠፋ አንተ ምን ልትበላ ነው? ብላኛለች።