ሻኛ የሌለው በሬ

ዕቃ ሰብሳቢ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛዋ ሰቆጣ አንድ ነበራት፤ ጸሐፊው አቶ ፈንታ። የጌታን ልደት የሚያሳዩ ትንንሽ ቅርጾችን ይሰበስባሉ፦ ሕፃኑን፣ እናቱን፣ እረኞቹን፣ ከብቶቹን። ሁሉንም ከጭቃ የሚሠሩላቸው ጎረቤቴ እመት ዝናሽ ነበሩ።

አንድ ዓመት ግን አስመራ ደርሰው ሲመለሱ የፕላስቲክ ቅርጾች ይዘው መጡ። የእመት ዝናሽን ሸክላዎች አልጋ ሥር ወረወሯቸው። «ይህ አይሰበር፣ አይሰነጠቅ! ሥልጣኔ ይሏል ይህ ነው» እያሉ አገሩን አሰለቹት። እመት ዝናሽ ጭቃቸውን ማቡካት ቀጠሉ፤ ቂሙን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

የገና ዕለት የአቶ ፈንታ ቤት በእንግዳ ሞላ። ከፃግብጂ የመጡት ገበሬ አያ ሞላ የፕላስቲኩን በሬ አነሡና ጀርባውን ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። የገበያ በሬ እንኳ እንደዚያ አይመረመርም!

«ጌታዬ፣ የዚህ በሬ ሻኛው የታለ?»

«የፈረንጅ በሬ ሻኛ የለውም» አሉ አቶ ፈንታ ኮራ ብለው።

«ታዲያ ቀንበሩ በምን ይያዛል? ጌታ የተወለደው ማረስ በማይችል በሬ በረት ነው ሊሉኝ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔማ ምን እጠብቃለሁ? አልጋው ሥር ገብቼ አቧራ የጠጣውን የእመት ዝናሽን በሬ አወጣሁት። ሻኛው ተራራ ያህላል! አያ ሞላ ገና ሲያዩት «ይኼስ ያርሳል!» አሉ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

በማግሥቱ አቶ ፈንታ የፕላስቲኩን በሬ በጋቢያቸው ሸፍነው እመት ዝናሽ ደጅ ቆሙ።

«እመት፣ እባክዎ ለዚህ ምስኪን ሻኛ ይሥሩለት።»

እመት ዝናሽ በሬውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ሻኛውንስ እሠራለሁ። ጭቃ ግን እሳት ካልገባ አይጸናም። ጌታዬ፣ ይህ ሥልጣኔዎ እሳት ይችላል?»