ዲናሞዬና የቁልቁለቱ ብርሃን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ከየትኛው ኃጢአት ወገን እንደምመድበው ግራ ገብቶኝ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ፊት እያየሁ ማውራት አይሆንልኝም።

ነገሩ የብስክሌት መብራት ነው። አትሳቁብኝ። ሰው ብስክሌት ሲገዛ ስለ ጎማው ይጠይቃል፣ ስለ ፍሬኑ ይጠይቃል፣ ቀለሙን ሳይቀር ያማርጣል። መብራቱ ትዝ የሚለው ከመሸ በኋላ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር መብራቱ ነበር። የምነዳው በጨለማ ብቻ ነዋ! በጨለማ የምነዳው ደግሞ ሰው እንዳያየኝ ነው። መንገዱን ለማየት መብራት ያስፈልገኛል፤ መብራት ካበራሁ ደግሞ እታያለሁ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ዘመኑ የደርግ ነው። ላሊበላ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለነበር በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር እናቶችን ፊደል አስቆጥር ነበር። ብስክሌቱ የወንድሜ ነው። ልጆች ሳለን ደሴ ግቢያችን ውስጥ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ወታደር ሆኖ ሲሄድ “አደራ፣ ዝገት እንዳይበላው” ብሎ ትቶልኝ ሄደ።

ወደ መንደሯ ስሄድ ገና ቀን ስለሆነ እየገፋሁት ነው፤ ሰሌዳውንና ጠመኔውን ከኋላ ጭኜ። ብስክሌት መግፋት ነውር የለውም። ነውሩ ሴት ልጅ ላዩ ላይ ስትወጣ ነው። የከተማው ሰው “የአስተማሪዋ አህያ” ይለው ነበር። አንዳንዱም ጭድ በላ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ።

ስመለስ ግን ይመሻል። እናቶቹ እስከ መታጠፊያው ይሸኙኛል። “በይ እንግዲህ፣ እመብርሃን ትከተልሽ” ብለውኝ ዞር ሲሉ ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ ብስክሌቱ ላይ እወጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የላስታ ምሽት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ተራሮቹ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ከዚያ ይጠፋሉ፤ ከዚያ ኮከብ የሌለበት ቦታ ላይ መኖራቸው ይታወቃል። እኔ ቆሜ ተራሮቹ በጎኔ የሚሄዱ ይመስለኛል። ቀን አንገቷን የምትደፋዋ ልጅ መታጠፊያው ላይ ትቀራለች። የምትነዳዋ ሌላ ናት። ስሟን እንኳን አላውቀውም ነበር።

ወደ መብራቱ ልመለስ። መጀመሪያ ፋኖስ መሪው ላይ አሰርኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ብርጭቆው ተሰነጠቀ፤ ቀሚሴ ሳምንት ሙሉ ላምባ ላምባ ሸተተ። የተከራየሁባቸው እትዬ ዘውዴ፣ እንቅልፍ አጥታ እያነበበች ነው ብለው አዘኑልኝ። ቀጥሎ የእጅ ባትሪ በከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ አሰርኩ። እሱም በየድንጋዩ እየተንሸራተተ መንገዱን ትቶ ጉልበቴን ያበራል። ጉልበቴን ምን ይሠራልኛል? የባትሪ ድንጋዩም እንደ ልብ አይገኝም። የደከመውን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር። ትንሽ ነፍስ ይዘራና ጭልጥ ያለ ጨለማ ውስጥ ይከዳኛል።

በመጨረሻ ጋሸና ሱቅ የነበራቸውን ጋሽ ሰይድን አማከርኩ። አማከርኩ ስላችሁ ሁለት ጊዜ “ምን አልሽ?” አስብዬ ነው። ድምፄ ከከንፈሬ አልፎ ሰው ጋ አይደርስም ነበር።

“ለወንድምሽ ነው?” አሉኝ።

“አዎ” አልኩ።

“አብሽሪ። ለወንድምሽ ዲናሞ ነው የሚያዋጣው” ብለው ከደሴ አስመጡልኝ። ትንሽ ጠርሙስ የመሰለ ነገር ነው። አናቱ ጎማውን ተደግፎ ይሽከረከራል፤ በዚያ ይበራል። ድንጋይ አይፈልግም፣ ላምባ አይፈልግም። እግር ብቻ። “ፓውዛውን፣ የፊት መብራቱን፣ ወደ ሰማይ አታድርጊው፤ ከፊትሽ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይረፍ” አሉኝ። “አያድርገው” ማለት ሲገባቸው “አታድርጊው” ማለታቸውን ልብ ያልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ቀይ የኋላ መብራትም ጨምሪ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከኋላዬ ከጅብ በቀር የሚመጣ ስለሌለ ተውኩት። ጅብ ቀይ አይቶ ይቆማል ብዬ አላምንም።

ዲናሞ አንድ ጠባይ አለው። ከሄድሽ ይበራል፤ ከቆምሽ ይጠፋል። ዳገት ላይ ይለግማል፤ ቁልቁለት ላይ ዓይን እስኪያጠፋ ይደምቃል። እኔ ይህን ጠባዩን ወደድኩለት። ሰው የሚያየው እኔን አይደለም፤ ሲሄድ የሚበራ፣ ሲቀርቡት የሚጠፋ ነገር ነው።

ለካ ሰው አይቶታል! ያን ጊዜ ላሊበላ ማታ ማታ ድቅድቅ ጨለማ ናት። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ብርሃን በተራራው ወገብ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ሲሄድ የማያይ ማን አለ?

በመምህራን ክፍል ወሬው ተጀመረ። አማርኛ የሚያስተምሩት መሪጌታ ከነአኩቶ ለአብ የሚነሳ የቅዱሳን ብርሃን ነው አሉ። በሳምንት ሁለቱን ቀን ኮፍያቸውን አውልቀው ወደዚያ ዞረው ይጸልዩ ጀመር። ለዲናሞዬ! እኔ ሻዬን እያማሰልኩ አንገቴን ደፋሁ። መልአክ ነው ለማለት ማንም አልከበደውም። ሴት ናት የሚል ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

የሳይንስ አስተማሪው ሙሉጌታ ብቻ ጥያቄ ነበረው። ሙሉጌታ እንዲሁ ሲያዩት ሰነፍ የሚመስል፣ ሲናገርም ጠመኔውን እያየ በቀስታ የሚናገር ሰው ነው። ፊቱን በደንብ አይቼው አላውቅም። ቀና ብዬ ያየሁት ሰው አልነበረማ። እጁን ግን አውቀዋለሁ። ጫማውንም አውቀዋለሁ።

“መሪጌታ፣ ዳገት ላይ ይደበዝዛል?” አላቸው።

“ይደበዝዛል። ቁልቁለት ላይ ግን ግርማው ይጨምራል።”

“እህ” አለ። እኔ ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ቅዱሳንን አያምኑም። ለወንበዴ ምልክት የሚሰጥ ሰው ነው አሉ። ነገ ጠዋት መምህራን ጋ ስብሰባ ይደረጋል፤ ከነገ ማታ ጀምሮ ታጣቂ ይወጣል፤ ብርሃኑ ከታየ ይተኮሳል። ይህ የተነገረው የማስተምርበት ቀን ነበር። እናቶቹ “ሠ”ን ሊጨርሱ ነውና ልቅር አልልም። ስመለስ ያለ መብራት ልንዳ ብዬ ሞከርኩ። ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ጥይቱ የነገ ነው አልኩና ዲናሞውን ጎማው ላይ አሳረፍኩት።

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው መሀል መንገድ ቆሟል። ጫማውን አወቅሁት፤ ሙሉጌታ ነው።

“አቁም፣ ወንድሜ! አትፍራ፣ ብቻዬን ነኝ።”

ፍሬን ያዝኩ። ጨለማ ሆነ።

“አታጥፋው እንጂ!”

“አላጠፋሁትም” አልኩ። “ካልሄድኩ አይበራም።”

አልኩ ነው የምላችሁ! ሳልንተባተብ፣ ሳልሾከሾክ። ጨለማው ውስጥ ድምፄ የት እንደነበረ እንጃ፣ ሙሉውን መጣ።

ሙሉጌታ የሴት ድምፅ ሰምቷል። አንቺ ማን ነሽ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

“ስማ፣ ወንድሜ” አለ ቀስ ብሎ። “ከነገ ማታ ጀምሮ በዚህ እንዳትመጣ። ይተኩሳሉ። ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብዬ አስተዋቸዋለሁ፤ ካልሆነልኝ ግን ብስክሌቱን ደብቀው።”

ያን ጊዜ ገባኝ። ማን እንደሆንኩ ያውቃል። ማወቁን እንዳላውቅና እንዳላፍር ነው ወንድሜ የሚለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የምስጋና ቃል፣ ብዙ የፍቅር ቃልም ሰምቻለሁ። የዚያን “ወንድሜ” ያህል አንጀቴን የበላው የለም።

“አንተስ እንዳያስሩህ?” አልኩት።

“ለእኔ ተወው። ሂድ አሁን፣ ይበርዳል።”

ፔዳሉን ረገጥኩ። መብራቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ተነሳ፤ ከዚያ ነጣ፤ ፊቱ ላይ አረፈ። በእጁ ዓይኑን ከልሎ እየሳቀ ነበር። እሱ እኔን አያየኝም፤ ብርሃኑ ከፊቴ ነው። እኔ ግን አየሁት። ቅንድቡን፣ የተሰነጠቀ ከንፈሩን፣ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ። መንገዱን ትቼ እያየሁት ሄድኩ። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። ያን ሌሊት ሙሉ አልጋዬ ቁልቁለት የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ሽጉጣቸውን ታጥቀው መጡ። ሙሉጌታ ተነሳና ብርሃኑ ጋዝ ነው አለ። ከመንገዱ በታች ካለው ረግረግ የሚወጣ፣ ራሱን በራሱ የሚያቀጣጥል፣ ከነፋስ ጋር የሚሄድ ጋዝ። ጠመኔ አንስቶ ሥዕል ሳይቀር ሣለ። ጋዙ በሥዕሉ ላይ ዳመና ይመስላል።

“ጋዝ?” አሉ ሊቀ መንበሩ። “ጓድ ሙሉጌታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚወጣ ጋዝ?”

ሙሉጌታ እሱን ለካ አላሰበበትም።

“ለዚህ ብርሃን ጠበቃ የሆንከው ለምንድን ነው? ማታ የት ነበርክ?”

ታጣቂው በሩ ላይ ቆሟል። ሙሉጌታ ጠመኔውን በጣቱ ያሻል። አንድ ጊዜ እንኳን ወደ እኔ አልዞረም። እንዳይዞር አንገቱን አጥብቆ ይዞት ነበር።

ወንበሬ ጮኸ። የተነሳሁት እኔ ነኝ።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ቀርቤ አይቼዋለሁ። ጋዝ ነው” አልኩ። “ስቀርበው ይጠፋል። ሌላ ቀንም ይወጣል፤ እናንተ ስለምትተኙ ነው የማታዩት።”

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ታጣቂው ሳይቀር። ሙሉጌታ ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው፤ እንደገና አነሳው።

“ይህች ልጅ ትናገራለች እንዴ?” አሉ ሊቀ መንበሩ። ቀጥለውም ለጋዝ ጥይት አናባክንም ብለው ተነሱ።

መሪጌታ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይሁን፣ ጋዝ ይሁን” አሉ። “ጋዙንስ ማን ላከው?”

ይህንንም እንድመልስላቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔ ተቀመጥኩ። እዚያ ትምህርት ቤት ስኖር በስብሰባ ላይ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ውሸት ነበር፤ ግን እንዴት ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረኝ መሰላችሁ!