ሦስት ቅዳሜ የፈጀው ማራገቢያ

ሐበሻ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ንፋስ! አትሳቁ። ዳላስ ውስጥ የቶርኔዶ፣ ማለትም የአውሎ ንፋስ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ ቪዲዮ ለማንሳት በረንዳ የሚወጡ እናቶች አውቃለሁ። እነዚሁ እናቶች መኪና ውስጥ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ብትከፍቱባቸው ግን… "ዝጊው! ልትገድይኝ ነው?"

አሁን የአባዬን ዕጣ አስቡት። አባዬ ዳላስ አጠገብ ማኪኒ ከተማ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ውስጥ ማራገቢያ ይጠግናል። ማለቴ፣ የጠረጴዛ ማራገቢያ እንዳይመስላችሁ! አንዱ ክንፍ ከእኔ ይረዝማል። ማራገቢያው ከቆመ የካርቶኑ ማድረቂያ ይቆማል፤ ማድረቂያው ከቆመ ፋብሪካው በሙሉ ይቆማል። ቸርች ውስጥ ግን ይህን የሚረዳለት የለም። "ወንድም ደረጀ፣ የእኛም ቤት ፋን ይንቀጠቀጣል፤ እስቲ ብቅ በል" ይሉታል። አባዬ ፈገግ ይላል፤ ውስጡ ግን እርር!

ሶ፣ ዋይሊ ከተማ ያለው ቸርቻችን ድሮ መጋዘን ስለነበር ጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ የተበላሸ ግዙፍ ማራገቢያ አለ። በበጋ አዳራሹ ምድጃ ነው። አባዬ "እኔ አድሰዋለሁ" አለ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተክሌ ፈቀዱ።

"አንድ እሑድ እንሞክረዋለን። ሰው ካጉረመረመ ግን ነቅለን ቀዳዳውን እንደፍናለን!"

አባዬ ሦስት ቅዳሜ ሠራ። እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ። የስንት ዓመት አቧራ ፈገፈገ፣ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ቀየረ፣ የክንፎቹን ሚዛን አስተካከለ፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር አዲስ ሳጥን ገጠመ። በመጨረሻ አስነሥቶት፣ የሞተሩ አናት ላይ ሳንቲም በጠርዙ አቆመ። አልወደቀም፤ ንቅንቅ የለማ! አባዬ… ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እሑድ ደረሰ። አስነሣው። ድምፅ የለም። ንፋስ ግን… ኧረ የንፋስ ያለህ! የመዝሙር ወረቀት በረረ። የእትዬ አልማዝ ነጠላ መድረክ ላይ ወጣ፤ እሳቸው ሳይኖሩበት!

"ወይኔ ጀርባዬን!"

"ልጆቹን አውጡ!"

ጋሽ ተክሌ ኮታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው "ነገ ይነቀላል!" አሉ።

አባዬ ፊቱ ክው አለ። ከዚያ ሳጥኑ ጋ ሄዶ አንድ ሁለት ቁልፍ ነካ። ማራገቢያው ቆመ… ቀስ ብሎ በተቃራኒው መዞር ጀመረ። ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋቱን ትቶ የጣሪያውን ሙቀት እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣ ጀመር። ነጠላ አይነካ፣ ወረቀት አያነሣ!

ስብከቱ ሳያልቅ ሰው ላቡን መጥረግ ተወ። ጋሽ ተክሌም ኮታቸውን ፈትተው መጡ።

"አየህ ደረጀ? ያን መዓት ስታጠፋው እንዴት ያለ ቅዝቃዜ መጣ!"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አልጠፋ…" ልል ስል አባዬ እግሬን ረገጠኝ።

"ልክ ነዎት ጋሼ። አሁን ማንንም አያስቸግርም፤ ባይነቀልስ?"

"ከጠፋማ ምን አደረገን? ይቀመጥ!"

ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተው ማይኩን ያዙ። "ወንድማችን ደረጀን እናመስግን… ማራገቢያውን ስላጠፋልን!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባዬም ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሁሉም ጎንበስ አለ።