ሕፃናት ወደ ስብሰባ አይገቡም

አንድ ነገር ይጥፋባችሁ እንጂ ያየው ሰው አታጡም። ቁልፍ ይሁን፣ በግ ይሁን፣ የጎረቤት ዶሮ ይሁን፣ ከባለቤቱ በስተቀር ያላየው የለም። "አሁን እኮ እዚህ ነበር" የሚል አለ። "እኔማ ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር" የሚል አለ። "በእርግጥ በዓይኔ አላየሁም" ብሎ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት የሚያወራም አለ። ይሄን ከክፋት አትቁጠሩብን። ሰው የተቸገረ ሲያይ ባዶ እጁን መቆም ይከብደዋል፤ የሚሰጠው ሲያጣ ወሬ ይሰጣል። ጭንቁ የጠፋው ነገር በግ መሆኑ ቀርቶ ልጅ ሲሆን ነው።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። እኔ እዚያው ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ክልል መሆን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገና እየተማርን ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ የሚሰጠው በስብሰባ ነው። ውኃ ሲጠፋ እንሰበሰባለን፣ ውኃው ሲመጣ ስለ አመጣጡ እንሰበሰባለን። ንግግሩ በአማርኛ ይጀመራል፣ ወደ አኙዋክኛ ይተረጎማል፣ ቀጥሎ ወደ ኑዌርኛ ይተረጎማል፣ ከወዲያ ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ድሮ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ተነግሮት በማያውቀው ነገር ያጨበጭብ ስለነበር፣ ይሄኛው በእውነት የተሻለ ነበር። ጊዜ መፍጀቱ ግን አይካድም። ሰብሳቢው ቀልድ ሲጥል ሳቁ በሦስት ዙር ነው የሚመጣው። እኛ ስቀን ስንጨርስ አኙዋኮቹ ይጀምራሉ፤ ኑዌሮቹ ሲስቁ ደግሞ እኛ ምን እንዳሳቀን ረስተን እንደገና አብረን እንስቃለን። እኔ ስብሰባ ወድጄ የሄድኩት ለዚያ ሳቅ ስል ብቻ ነው።

እንግዲህ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ የመምህር ጌታሁን ልጅ ጠፋች።

ጌታሁን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሙሉ የምትባል ሚስትና ፍሬ የምትባል አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ አሉት። ፍሬ ብዙ ተለቅሶባት፣ ብዙ ስለት ተገብቶላት የመጣች አንድ ለናቷ ናት። ሙሉ ጠዋት ለቁርስ እሳት ልታያይዝ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ልጅቷ የለችም፤ የአጥሩ በር ተከፍቷል። በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ ነው። መንገዱ ቁልቁል የሚወርደው ወደ ባሮ ነው። ወሩ ነሐሴ ነው።

በነሐሴ ባሮ ሙሉ ነው። አዞም አለበት። ይሄን ማንም ሰው ለሙሉ አልነገራትም፤ እሷ ግን የምናስበው ገብቷት ጫማ ሳታደርግ ወንዙ ዳር ወርዳ ውኃውን እያየች ቆመች። አጠገቧ ስደርስ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ቁርሷን እንኳ አልበላችም።"

ጌታሁንን ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

የጣቢያው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ኦፒየው ይባላል፤ አኙዋክ ነው፤ ቁመቱ ከበሩ መቃን የሚስተካከል፣ ትዕግሥቱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው። ወዲያው ያሉትን ፖሊሶች በሙሉ ወደ ወንዙ ሰደደና አንዱን ድምፅ ማጉያ አስይዞ በከተማው አዞረው። "ቀይ ቀሚስ የለበሰች የአራት ዓመት ልጅ ጠፍታለች! ያየ ለፖሊስ ይጠቁም!" በሦስቱም ቋንቋ።

ከተማው ጠቆመ! ሃምሳ አለቃው ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ማንጎ ሥር ወንበሩን አወጣ፣ ሕዝቡም ተሰለፈ። ባለሱቁ ሀጂ ሰይድ በጠዋት ቀይ ቀሚስ ያዩት ከሳቸው ማዶ ካለው ሱቅ ደጃፍ ነው። ከዚያ ሱቅ ጋር ለምን እንደማይነጋገሩ ከተማው ስለሚያውቅ ሃምሳ አለቃው አመስግኖ አሳለፋቸው። ሌላው ወደ አቦቦ በሚሄድ መኪና ስትጫን አይቷል፤ መኪናው የስንት ሰዓቱ እንደነበር ሲጠየቅ ትናንት ነው አለ። የኛው ትምህርት ቤት ባልደረባ ያየው ነገር ባይኖርም አስተያየት ነበረው። አስተያየቱም ረጅም ነው። ከዚያ አንዲት ሻይ ሻጭ መጣች።

"የደገኛ ልጅ ታቅፎ በጀልባዎቹ በኩል የሚሄድ ሰው አይቻለሁ" አለች። "ረጅም ነው። ጥቁር ነው።"

ሃምሳ አለቃው ወደ ራሱ ጠቆመ።

"እንደኔ?"

"አዎ፣ እንደ እርስዎ።"

"ከኔ ይረዝማል?"

"በትንሽ።"

ኦፒየው ቆሞ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ግራና ቀኝ አየ። በጋምቤላ መንገድ ላይ ረጅምና ጥቁር ሰው ፈልግ መባል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሴትየዋ ግን በጀልባው ለየችው። ወደ ማታር ጭነት የሚጭን ጋትሉዋክ የሚባል ኑዌር ባለጀልባ ነበር፤ ይዘው አመጡት። ሰውየው አልታገለም። እጁን ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ከተማው እየጠቆመ በኑዌርኛ ይናገራል፣ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የለም። የጣቢያው አስተርጓሚ የታለ? ቀበሌው ስለጠፋችው ልጅ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ስለነበር አስተርጓሚው ለስብሰባ ተወስዷል። ሃምሳ አለቃውም ሕዝቡ ሳይነካካ ነገሩን እዚያ ላጣራ ብሎ ተነሳ። ባለጀልባውን ኑዌርኛ ከማያውቅ አንድ ምልምል ፖሊስ ጋር ቆልፎበት ሁላችንም ተያይዘን ወደ አዳራሽ ሄድን።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ በዚያ ሙቀት ውስጡ ይቀቅላል። ሰብሳቢው የቀበሌው ሊቀመንበር አጀንዳ አስያዘ። አንደኛ፣ የጠፋችው ልጅ። ሁለተኛ፣ ልዩ ልዩ። ደንቡንም አስታወሰ፤ ያለ ተራ መናገር ክልክል ነው፣ ሕፃናትም ወደ ስብሰባ አይገቡም።

ጌታሁን ከጎኔ ተቀምጧል። መጀመሪያ የተናገሩት መልካም ሰዎች ነበሩ፤ አጽናኑት፣ አብረን እንፈልጋለን አሉ፣ ይሄም በሦስት ቋንቋ ተባለ። ቀስ እያለ ግን የባለጀልባው መያዝ በአዳራሹ ውስጥ ተዛመተና የንግግሩ ጣዕም ተለወጠ። አንዱ ደገኛ ተነሥቶ "እነሱ" አለ። ማን እንደሆኑ አልተናገረም። ከወዲያ በኩል አንዱ "እናንተ" ብሎ መለሰ። ልጅቷን ትተን አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየት ጀመርን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ጠዋት የፈራሁት ለአንዲት ልጅ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን እዚያ ለተቀመጥነው ሁሉ ፈራሁ። ሃምሳ አለቃው ግድግዳውን ተደግፎ ሰዉን እንጂ ተናጋሪውን አያይም ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ ቆማለች።

ኛዳክ ትባላለች፤ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ዓሣ የምትሸጥ ኑዌር ናት። አንድ ጊዜ ሳትጠራ አፏን ስትከፍት ሊቀመንበሩ "ሥነ ሥርዓት!" አላት። ተጨበጨበለትም። አንድ ጊዜ ደግሞ በአማርኛዋ "ልጅ..." ብላ ስትጀምር "ሁላችንም ስለ ልጅ ነው የምናወራው እናቴ፣ ተራሽን ጠብቂ" ተባለች። እሷም ሥርዓት የምታውቅ ሰው ስለሆነች ጠበቀች። ከፊቷ የተመዘገቡት ሁሉ ባላዩት ነገር ላይ ያላቸውን አስተያየት ሰጥተው፣ አስተያየታቸውም ተተርጉሞ፣ በመጨረሻ ተራዋ ደረሰ።

ኛዳክ እንደ ደንቡ ሰብሳቢውን አመሰገነች፣ ተሰብሳቢውን ሰላም አለች፣ ነገሩንም ከመጀመሪያው አንሥታ በኑዌርኛ መናገር ጀመረች። አስተርጓሚው ንግግር በማቋረጥ ተገምግሞ ስለነበር እስክትጨርስ እጁን አጣምሮ ይሰማታል። እኛ ደገኞቹም ምን እንደምትል ሳናውቅ በጨዋነት አንገታችንን እንነቀንቃለን።

በድንገት በኑዌሮቹ በኩል ያለው አዳራሽ ብድግ አለ።

ሁሉም ቆሙ፣ ጮኹ፣ እጃቸውን አነሡ፤ አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ገልብጠው ወደኛ መጡ። በቃ፣ መጣ፣ አልኩ። በደገኛው በኩል ያለውም ተነሣ። ሀጂ ሰይድ ምርኩዛቸውን ጨበጡ። እኔ ጌታሁንን ወደ ኋላዬ ጎትቼ ልቆምለት ስል አንድ ነገር አየሁ። ሽማግሌው እየሳቁ ነው። ደግሞ እያለቀሱም ነው። መጥተው ጌታሁንን አቅፈው በማይሰማው ቋንቋ ይነግሩት ጀመር። በሁለተኛው ዙር አኙዋኮቹ እልል አሉ፤ ሃምሳ አለቃ ኦፒየውም ከእነሱ ሰምቶ ሰዉን እየገፋ ወደ በሩ ሮጠ። ያን ቀን ወሬው የመጣው በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር፤ አማርኛ ሰሚዎቹ ሁልጊዜ ፊት የምንሆነው ያን ቀን መጨረሻ ሆንን። ከአባትየው ጋር።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። "ተናጋሪዋ ሰብሳቢውን ያመሰግናሉ" ብሎ ጀመረ።

"ልጅ ውጪ ነው!" አለች ኛዳክ ትዕግሥቷ አልቆ፣ በራሷ አማርኛ። "ተኝቷል!"

ጌታሁን እንዴት እንደወጣ አላየሁም። ስደርስ ከአዳራሹ ግድግዳ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተንበርክኳል። ፍሬ እንደ ኑዌር ልጆች በአንድ ትከሻዋ ላይ ጨርቅ ተቋጥሮላት፣ ፊቷን በኛዳክ ታናሽ እህት ጭን ላይ ደፍታ ተኝታለች። አፏ ዙሪያ የደረቀ ገንፎ አለ። ሲያነሣት ነቃችና እንቅልፏ ስለተረበሸ ተቆጣች። ጌታሁን እንደተቆጣች ደረቱ ላይ አቀፋት።

ነገሩ ቀላል ነበር። ባለጀልባው ጋትሉዋክ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣ የምታለቅስ ልጅ ወንዙ ዳር አገኘ፣ ታቀፋት፣ ጀልባውን ትቶ መሄድ ስላልቻለ "ለፖሊስ ስጪልኝ" ብሎ ለወንድሙ ሚስት ለኛዳክ ሰጣት። ኛዳክ ልጅ ስታገኝ በመጀመሪያ የማን ነው ብላ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። አጠበቻት፣ አበላቻት፣ የቆሸሸውን ቀሚስ አጥባ አጥር ላይ አሰጣች፣ የራሷን ጨርቅ አለበሰቻት፤ ቀጥሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዛት ሄደች። ስትደርስ ማንጎው ሥር ሰው የለም፣ የጣቢያው በር ተቆልፏል፤ ሃምሳ አለቃውና ሕዝቡ ስብሰባ ናቸው፣ ሌላው ፖሊስ ወንዝ ውስጥ ልጅ ይፈልጋል። እዚያው ስትጠብቅ ቆየች። ሰው ሁሉ ስብሰባ መሆኑን ስትሰማ ወደ አዳራሹ መጣች። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ልጅ መሸከሟን አይቶ "ሕፃናት አይገቡም" ብሎ መለሳት፤ ለእህቷ ትታት ብቻዋን ገባች።

ጥበቃውን ብዙ ሰው ጮኸበት። እሱም አልተሸነፈም።

"እኔ የተባልኩት ቀይ ቀሚስ ነው" አለ። "ይህችኛዋ ቀይ ቀሚስ አልለበሰችም።"

እንዳትስቁበት። ከተማው በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልግ የዋለው ቀይ ቀሚስ ነው፤ ቀይ ቀሚሱ ደግሞ ወንዙ ዳር አጥር ላይ ተሰጥቶ ፖሊሶቹ ሦስቴ አልፈውታል፤ ልጅ አልነበረበትማ።

እኛ ወደ ወንዙ፣ ወደ ሙሉ፣ ስንሮጥ ከኋላችን የሊቀመንበሩ ድምፅ ይሰማ ነበር። አጀንዳው ገና አልተዘጋም። በኋላ እንደሰማሁት ከቀሩት ተሰብሳቢዎች ጋር ፍለጋው ተጠናክሮ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ጠቋሚዎቹም ሁሉ ልክ ነበሩ። ሀጂ ሰይድ ቀይ ቀሚስ አይቻለሁ አላልኩም ወይ አሉ፤ ባልደረባችን በአጠቃላይ ልክ ነበር። ሻይ ሻጯ ብቻ ናት ዝም ያለችው፤ ከሁላቸው ይልቅ በትክክል ያየችው እሷ ነበረች።

ሙሉ ልጇን ስትቀበል እንዴት እንዳቀፈቻት አልጽፈውም፤ የምትገምቱት ነው። ከዚያ ግን ቀጥ ብላ ቆመችና "ሰውየውስ?" አለች። ሁላችንም ረስተነው ነበር።

ጣቢያው ስንደርስ ሃምሳ አለቃው በገዛ እጁ ቁልፉን ይከፍታል። ጋትሉዋክ አቀርቅሮ ወጣ፤ በሩ ያጥረዋል። ጌታሁን ይቅርታ ሊጠይቅ ፊቱ ቆሞ እጅ ነሣ። ከሰዓት ሙሉ ተዘግቶበት የዋለ ሰው ነው። ጭነቱ ፀሐይ ላይ ነው፣ መንገደኞቹ ጥለውት ሄደዋል። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣም ደስ ባለኝ።

እሱ ግን እኛን አላየንም። ጎንበስ ብሎ በሙሉ ጀርባ ላይ የታዘለችውን ፍሬን አየ፣ ከሚያውቀው ጥቂት አማርኛ ውስጥም አንዲት ቃል ፈልጎ አወጣ።

"በላች?"

ሙሉ ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች።

"በላች" አለችው። "በላች ወንድሜ።"