ይቅርታ የሌለው መንግሥት

አማች፦ ተቆጥቷል እኮ ነው የምልህ፣ ጋሼ።

ፎቶ አንሺ፦ አልተቆጣም። ፊቱ እንደዚያ ነው።

አማች፦ ክንዱን አጣምሯል።

ፎቶ አንሺ፦ ንጉሥ ነዋ። ንጉሥ እጁን የት ያድርገው?

አማች፦ ዓይኑስ?

ፎቶ አንሺ፦ ዓይኑን ተወውና ከስሙ ሥር ያለውን ቁጥር እይ። ከዜሮ በታች ከወረደ ተቀይሟል፣ ከዜሮ በላይ ከወጣ ወዳጅ ነው። ፈረስ ስትልክለት ከፍ ይላል።

[ጠባብ ፎቶ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ከፊቱ የደንበኛ መቀመጫ አለ። ፎቶ አንሺው የሰው ፊት በሚያሳምርበት ኮምፒውተር ላይ የጦርነትና የድርድር ጨዋታ ከፍቶ አገር እያስተዳደረ ነው። አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እጅጌው ላይ ዱቄት አለ። የደንበኛው መቀመጫ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ሳያስበው አገጩን ቀና ያደርጋል። ሚስቲቱ የታመሙ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ አብሯት ሊሄድ ቃል የገባው ባል “አንድ ተራ ብቻ ልጫወት” ሲል መሽቶበት ነበር። ዛሬ ወንድሟን ልካለች። ፎቶ አንሺው በልቡ ደስ ብሎታል፤ መልእክተኛ የላከ መንግሥት የተዳከመ መንግሥት ነውና።]

አማች፦ እንግዲህ እታለም ስትልከኝ...

ፎቶ አንሺ፦ ወዳንተ ጉዳይ ኋላ እንመለሳለን። ከወንዝ ማዶ የመጣ መልእክተኛ ቆሞብኛል። እንግዳ ደጅ ማቆም ነውር ነው።

አማች፦ ነውር ነው። [ይቀመጣል፤ አገጩ ቀና ይላል።]

ፎቶ አንሺ፦ የአገሮች ግንኙነት ማለት ይሄ ነው። አንተ ትንሽ ዘግየት ስለምትል ቀስ ብዬ ላስረዳህ። እያንዳንዱ አገር አንድ ፊት አለው። ከዚያ ፊት ጋር ትነጋገራለህ፣ አለቀ።

አማች፦ ሕዝቡስ?

ፎቶ አንሺ፦ ሕዝቡ እላይ ጥጉ ላይ ነው። ቁጥር ነው።

አማች፦ ቁጥሩ ዳቦ ይበላል?

ፎቶ አንሺ፦ ስንዴ ካጠረው ይቀንሳል።

አማች፦ ይቀንሳል ማለት ይሞታል?

ፎቶ አንሺ፦ ይቀንሳል።

[አማቹ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።]

አማች፦ ነፍስ ይማር። እህቴም ብትሆን ቀንሳለች። እራት አትበላም።

ፎቶ አንሺ፦ እሱ የድርድር ስልት ነው። የላክሁላት ሽቶ ደርሷታል አይደል?

አማች፦ ደርሷታል። ሳትከፍተው መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች።

ፎቶ አንሺ፦ ከፍ ብላለች ማለት ነው። የአንገት ልብሱስ?

አማች፦ እናቴ ለበሰችው።

ፎቶ አንሺ፦ እሱም ለወዳጅ አገር የተሰጠ ነው፣ ይቆጠራል። ከዚያ “ምግብ ቤት እየበላሁ ወፍሬያለሁ፤ ለእናትሽም ንገሪ” ብዬ በሰው ላክሁባት። ጦር ወደ ድንበር ማስጠጋት ይባላል።

አማች፦ እናቴ “ይስማማው” አለች።

[ፎቶ አንሺው ይህን መልስ ከየትኛው ወገን እንደሚመድበው ቸግሮታል። አንድ ከተማ ይከባል። አማቹ መቀመጫውን ወደ ኮምፒውተሩ ያስጠጋል።]

አማች፦ ጋሼ፣ ቅድም ስገባ “የዚህን ንጉሥ መንደር ያቃጠልኩበት እኔ ነኝ” አላልከኝም?

ፎቶ አንሺ፦ በስህተት ነው። ሌላ ቦታ ልጫን ብዬ ነው።

አማች፦ [ኮምፒውተሩ ላይ በጣቱ እያሳየ] ታዲያ ይሄ ስጦታ ነው፣ ይሄ ውል፣ ይሄ ዛቻ፣ ይሄ ጦርነት። ይቅርታ የቱ ጋ ነው?

ፎቶ አንሺ፦ የምን ይቅርታ?

አማች፦ “አጥፍቻለሁ” ለማለት የምትጫነው።

[ፎቶ አንሺው ይፈልጋል። አንዱን ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል፣ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ይፈልጋል።]

ፎቶ አንሺ፦ የለም።

አማች፦ ጠፍቶ ነው?

ፎቶ አንሺ፦ አልሠሩትም።

አማች፦ ታዲያ በምን ይታረቃሉ?

ፎቶ አንሺ፦ አይታረቁም። ይረሳሉ። ተራው በዞረ ቁጥር ቂሙ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። አንተ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ።

አማች፦ አንዴ እንኳ መጥተህ በራችንን ያላንኳኳኸው ለዚህ ነው?

ፎቶ አንሺ፦ ለዚህ ነው።

[ሲናገረው ለራሱም ጆሮ አልጣመውም።]

አማች፦ እኛ ቤት “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ነው የሚባለው። ሊጥ እንኳ ከልኩ በላይ ሲቆይ ይኮመጥጣል። በል ጋሼ፣ ልሂድ። ምድጃው ይጠብቀኛል።

ፎቶ አንሺ፦ መልእክትህስ?

አማች፦ መልእክት የለኝም።

ፎቶ አንሺ፦ አልላከችህም እንዴ?

አማች፦ ልካኛለች። “ሂድና እሱ ዘንድ ቁጭ በል” ነው ያለችኝ። “ማንም ሳያስታውሰው፣ እንዴት ናት ብሎ ከጠየቀህ፣ ትመጣለች በለው። ካልጠየቀህ ዝም ብለህ ተመለስ።”

[የፎቶ አንሺው እጅ ከመጫኛው ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ። ከቅድም ጀምሮ የተናገረውን ቢያስታውስ ፈረስ አለበት፣ ስንዴ አለበት፣ ሽቶም አለበት።]

ፎቶ አንሺ፦ አልጠየቅሁም?

አማች፦ ስለ ሽቶው ጠይቀሃል።

ፎቶ አንሺ፦ እራት አትበላም ስትለኝ ሰምቻለሁ እኮ። ሰምቼ አለፍኩት። አሁን ብጠይቅህስ?

አማች፦ ከነገርኩህ በኋላ?

ፎቶ አንሺ፦ እውነትህን ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ ጃል? በስተርጅና አገር ይዤ ቤቴን ለቀቅሁ።

[አማቹ በሩ ላይ ደርሶ ይቆማል። ኮፍያውን አድርጎ መልሶ ያወልቃል።]

አማች፦ እስቲ ውጣ።

ፎቶ አንሺ፦ ከገዛ ፎቶ ቤቴ?

አማች፦ ውጣና እንደ አዲስ ግባ። እኔም ምንም እንዳልተናገርኩ እሆናለሁ።

ፎቶ አንሺ፦ እንደ ሕፃን?

አማች፦ እንደ ሕፃን።

[ፎቶ አንሺው በነጠላ ጫማ ይወጣል። በመስኮቱ ላይ በተለጠፉት የሙሽሮች ፎቶዎች መካከል መንገድ ላይ ቆሞ ይታያል። ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ያማትባል። ከዚያ የራሱን በር ያንኳኳል።]

ፎቶ አንሺ፦ እንደምን ዋልክ፣ ወንድሜ።

አማች፦ እግዜር ይመስገን።

ፎቶ አንሺ፦ እህትህ እንዴት ናት? እናታችንስ ተሻላቸው? አብሬ እሄዳለሁ ብዬ የቀረሁት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።

አማች፦ እናቴ ተሽሏታል። እታለምም ደህና ናት፤ ትመጣለች።

[ፎቶ አንሺው የደንበኛው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። አገጩን ቀና ማድረግ አልቻለም።]

ፎቶ አንሺ፦ ተመስገን። አንተ ሰው ግን፣ ይሄን የማስወጣትና የማስገባት ዘዴ ከየት አመጣኸው?

አማች፦ የኔ አይደለም፣ ጋሼ። እሷ ናት። “መጀመሪያ አይጠይቅህም” ብላኛለች። “ስትነግረው ይደነግጣል፤ ያኔ አስወጥተህ አስገባው። እስኪነቃ ድረስ ግን አትቆጣው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።”